የዕድሩ መኪናና የአባቴ ቁመት

አባቴን ፒክአፕ መኪና ላይ ተጋድሞ አየሁት። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል፣ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ሰውነቱ ቀጥ ብሏል። የዕድሩ ሽማግሌዎች መኪናዋን ከብበው አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዱማ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። እሁድ ነበር፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ገና ልብሱን ያልቀየረበት ሰዓት። እኔ ከአሶሳ በባጃጅ መጥቼ፣ መንደሩ መግቢያ ላይ ካለው ትልቅ ማንጎ ሥር ወርጄ ቀና ስል ያየሁት ይህንን ነው።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ልቡን የሚያመው አባት ያለው ሰው፣ አባቱ መኪና ላይ እጁን አጣምሮ ተጋድሞ ቢያይ «መኪና እየለካ ይሆናል» ይላል? ማንም አይልም። ክው አልኩ። የያዝኩት የሙዝ ፌስታል ከእጄ አመለጠ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እኔ አላስታውሰውም፤ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ነጠላዬን ከራሴ ላይ መንጭቄ ወገቤን አሰርኩበት አሉ። «አባዬ! ሳልደርስልህ! ሳታናግረኝ!» እያልኩ አቧራው ላይ ወደቅሁ አሉ። አንድ እግር ጫማዬ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የእኛ መንደር ደግሞ ለቅሶ ሲሰማ ቆም ብሎ የሚያጣራ ሰው የለበትም። በደርግ ጊዜ ከወሎ ተነቅሎ እዚህ የሰፈረ ሕዝብ ነው፤ ሥጋ ዘመዱ ሩቅ ስለቀረ ጎረቤቱን ዘመድ አድርጎ የሚኖር። አንዱ ቤት ሲጮህ ሌላው ይቀበላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። አንዷ ሊጥ የነካው እጇን እንኳ ሳትታጠብ ደረቷን እየደቃች መጣች፤ ቀሚሷ ሁሉ ሊጥ ሆነ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የሚኖረው የዕድሩ ጥሩንባ ነፊም ጥሩንባውን አንሥቶ ሮጠ። ማን እንደሞተ ከእኔ ጩኸት ሰምቷል፤ ስለዚህ የአባቴን ስም እየጠራ «አርፈዋል» እያለ ይነፋ ጀመር። እስከ ታችኛው ጎጥ ድረስ ተሰማ።

ይኼን ጊዜ አባቴ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ክንዱን ተደግፎ ከመኪናዋ ጠርዝ በላይ ብቅ አለና «ማነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ።

ወይ ጉድ! ሴቶቹ የባሰ ጮሁ። ባለሊጧ ሴትዮ ወደ ኋላዋ ተስፈንጥራ ጎረቤቷ ላይ ወደቀች። አንዲት ባልቴት «በስመ አብ! በስመ አብ!» እያሉ ያማትባሉ። ጥሩንባ ነፊው መታጠፊያውን አልፎ ስለነበር ምንም አላየም፤ የአባቴን ሞት ማወጁን ቀጥሏል። አባቴ የገዛ ስሙን ከሩቅ ሲሰማ ፊቱ ልውጥ አለ። ሰው የራሱን መርዶ በጆሮው ሲሰማ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ መሬት እንደተቀመጥኩ ደርቄ ቀረሁ። ያነሡኝ የአባቴ ጓደኛ፣ ማንጎ የሚነግዱት ጎረቤታችን ናቸው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ አማርኛ ሲናገሩ ሴትም ወንድም ለእሳቸው አንድ ነው። ክንዴን ይዘው «ያ ልጄ፣ ለምን ትጮሃለህ?» አሉኝ። «አባት አለ። ወላሂ አለ። መኪና ነው የሚለካ።»

«ምን?»

«መኪና። እግር ይገባል፣ አይገባም፣ ያ ነው።»

ያኔ ነው በዕድሩ ሊቀመንበር፣ እኛ ዳኛ በምንላቸው ሰውዬ እጅ ላይ ያለውን ነገር ያየሁት። ሜትር ነው። ቢጫ፣ ጫፉ የተበላ፣ የእኔ ሜትር። እኔ አሶሳ ገበያ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያን ሜትር አባቴ ባለፈው እሁድ «ለበር ነው» ብሎ ከእኔ ተውሶ ነበር፤ እኔ ሞኟ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በክንዴ እየለካሁ ልብስ ስሰፋ ከረምኩ። ዕንባዬ ሳይደርቅ ደሜ ፈላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድራችን መኪና ሊገዛ ተነሥቷል። በሽተኛ በቃሬዛ፣ ሬሳ በልመና መኪና ሲጓጓዝ ስለኖረ፣ ሰዉ ለብዙ ዓመት ሲያልመው የነበረ ነገር ነው። አቅም ሲደርስ ሁለት መኪና ተገኘ። ሁለቱም ፒክአፕ፣ ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሁለቱም ደህና ሞተር ያላቸው። አንዷ ነጭ ናት፤ ጋቢናዋ ጠባብ ነው፣ ከኋላ ያለው ካሶኔዋ ግን ረጅም ነው። ከሥር የተቀመጠችበት ባሌስትራ ድርቅ ያለ ነው፤ ምንም ብትጭናት ንቅንቅ አትልም። ሌላዋ ግራጫ፣ ደብል ጋቢና ናት። አራት በር አላት፣ የፊት ወንበሯ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ሞላዋ ለስላሳ ስለሆነ ጉድጓድ ላይ ስትወድቅ ሰው አታነጥርም። ጋቢናዋ የወሰደውን ያህል ግን ካሶኔዋ አጥሯል።

መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ተነሥቶ በካማሺ መንገድ ነጯን የመሰለች መኪና ጭቃውን እየሰነጠቀች ስትወጣ አይቻለሁ ይላል። ሌላው መንጌ ድረስ ግራጫዋን በመሰለች ሄጄ እንቅልፍ ወስዶኛል ይላል። ጠላ ቤት በዚህ ጉዳይ ሰው ተኳርፎ ተነሥቷል። የነጯ ወገን የሆነ ባል ያላት አንዲት ሴት፣ እሷ የግራጫዋ ወገን ነችና፣ ሦስት ቀን ሙሉ ራት ነፈገችው ተብሎ ተወርቷል። እኔ ግን አልፈርድባትም።

ሽማግሌዎቹን ያስጨነቃቸው የእግር ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባላችን ባምባሲ ገበያ ሄደው ድንገት አረፉ። ሬሳቸውን ያመጣው ፒክአፕ አጭር ሆነና የኋላ መዝጊያው፣ ስፖንዳው፣ አልዘጋ አለ። በጋቢ የተጠቀለለው እግራቸው ውጭ እየተወዛወዘ፣ ከባምባሲ እስከ አሶሳ፣ ከአሶሳ እስከ መንደራችን ሰው ሁሉ እያየው መጣ። ልጆቻቸው እስከ አሁን ከዕድሩ ጋር ሰላም አይባባሉም። ዕድሩም ነገሩን እንደ ነውር ይዞት ኖረ። ስለዚህ መኪና ስንገዛ ከአባላቱ ረጅሙ ሰው ካሶኔው ላይ ይጋደም፣ ስፖንዳው ከተዘጋ ይገዛል፣ ካልተዘጋ ይቅር ተባለ። ረጅሙ ሰው ማን እንደሆነ የተከራከረ የለም። አባቴ ከወሎ ሲመጣ እንኳ፣ የጫናቸው መኪና ላይ እግሩን የሚያጥፍበት ቦታ አጥቶ መንገዱን ሁሉ ቆሞ ነው የመጣው ይባላል።

የገረመኝ ደግሞ እሱ ደስ ብሎት መስማማቱ! ቀጠሮ እንዳለው ሰው ፂሙን ተላጭቶ ነው የመጣው።

«አባዬ፣ ውረድ» አልኩት።

«ቆይ አንች፣ ገና ግራጫዋ ትቀረኛለች» አለና እየተደገፈ ወረደ። ነጯ ልክክ ብላበት ነበር፤ ስፖንዳው ተዘግቷል፣ እንዲያውም ትርፍ ቦታ ተርፏል። የነጯ ወገኖች ያጨበጭባሉ። አባቴ ሞቶ የሚጫንባት መኪና ተገኘች ብለው ያጨበጭባሉ፣ በእኔ ፊት!

ግራጫዋ ላይ ወጣ፤ ተጋደመ። ዓይኑን እንደገና ጨፈነ፣ የሚጨፍንበት ምክንያት ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ጭንቅላቱ ጋቢናውን ነክቶ እንኳ እግሩ ስፖንዳውን አልፎ ወጣ። ልቡ ከደከመ ወዲህ እግሩ ያብጥ ስለነበር ጫማ አይገባውም፤ ከወፍራም ፍላኔል ጫማ መሳይ ነገር ሰፍቼለት ነበር። ጨርቁ ስላልበቃኝ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ሁለቱ የተለያዩ እግሮቹ ከመኪናዋ ውጭ ተንጠልጥለዋል።

ዳኛው ጎንበስ ብለው በሜትሬ ለኩ። አጭር፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «በቃ» አሉ። «ነጯ ናት።»

ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት። በአንድ እግር ጫማ፣ አቧራ ለብሼ። «እናንተ መኪና ነው የምትገዙት ወይስ የሬሳ ሣጥን?» አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ሐኪሙ አባቴን በየወሩ ሳይቀር እንዲመጣ ነግሮታል። መድኃኒቱ እንደ እብጠቱ እየታየ ከፍ ዝቅ ይደረጋል፤ ካልመጣ ውኃው ወደ ሳንባው ይወጣል። ከመንደሩ አሶሳ ያለው መንገድ ግን በጉድጓድ የተሸነቆረ ኮረኮንች ነው፣ ያለውም ባጃጅ ነው። አባቴን የሚያህል ሰው ባጃጅ ውስጥ ሲታጠፍ ጉልበቱ አገጩን ይነካል፣ ደረቱ ይታፈናል። መጨረሻ የሄድን ቀን ሲወርድ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። «ከእንግዲህ ባጃጅ ውስጥ ከምገባ መቃብር ብገባ ይሻለኛል» ብሎ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀረ። የዚያን እሁድም ሙዙን ይዤ የመጣሁት ልለምነው ነበር። ለእኔ ነጯና ግራጫዋ የቀለምም የሞተርም ጉዳይ አልነበሩም። አባቴ ይኑር ወይስ አይኑር ነው ነገሩ።

«ተጋድሞ ለካችሁት» አልኩ። «እሽ። አሁን ደግሞ ተቀምጦ ይለካ! እኔ ሰፊ ነኝ፤ ሱሪ እንኳ ቆሞም ተቀምጦም ነው የሚለካ።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ግን እምቢ ያለኝ የለም። አባቴ መጀመሪያ ነጯ ውስጥ ገባ፣ እኔ ከአጠገቡ። የመኪናዋ ባለቤት እየነዳ እስከ ወንዙ ድልድይ ሄደን ተመለስን። ባሌስትራዋ ጥርሴን ከጥርሴ አጋጨው። አባቴ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። ሲወርድ ዓይኖቼን ሸሸ። ትንሽ አርፎ በግራጫዋ ያንኑ መንገድ ሄድን። ወንበሩን ለጠጥንለት፣ እግሩን ዘረጋ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ስለ አንድ የሞተ በሬው ያወራኝ ጀመር፤ ስንመለስም ወሬው አላለቀም። አንዴም አላቃሰተም። አባቴ በመኪና ሲሄድ ማውራት እንደሚችል ረስቼው ኖሯል።

ማንጎው ሥር ስንደርስ «አያችሁ?» አልኩ። «አያችሁ ወይስ አላያችሁም?»

ዳኛው ግን አልተንቀሳቀሱም። «ልጄ» አሉ፣ «የታመመ ሰው ባጃጅም ያገኛል፣ ሞተርም ያገኛል። የሞተን ሰው ማን በባጃጅ ይጭንልሻል? ዕድር የቆመው ለዚያ ነው።»

እውነታቸውን ነው። የባሰ ያናደደኝም እውነት መሆኑ ነው። ሰዉ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ጎረቤታችን ማንጎ ነጋዴው እንኳ «ዳኛ ትክክል ነው፣ ግን…» አሉ። ጉዴ ፈላ፣ አለቀልኝ አልኩ።

አባቴ የግራጫዋን በር እንደተደገፈ ነው። «ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «እኔ የሞትኩ ቀን እግሬን ይበርደዋል?»

መልሱንም ራሱ ሰጠ።

«አይበርደውም። ያመዋል? አያመውም። ዛሬ ግን ያመኛል። እናንተ ስለ ሞቴ አሰባችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። እኔ ግን ገና አልሞትኩም፣ ጥሩንባው ቢነፋም።» ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ ትንፋሽ አጠረው፣ ቆየና ቀጠለ። «ግራጫዋን ግዙ። እግሬ ይውጣ። ይኼው በቁሜ፣ ሁላችሁም እየሰማችሁ፣ ከአሁኑ ይቅር ብያችኋለሁ።»

አባቴ ኩሩ ሰው ነው። የተቀደደ ጋቢ ለብሶ ከቤት አይወጣም። እሱ ነው እግሬ ሜዳ ላይ ይታይ የሚለው።

ዳኛውም ደንግጠዋል፤ ግን ሥራቸውን አልተዉም። «አንተ ይቅር ትላለህ። የባምባሲውም ሟች በሕይወት ቢጠየቁ ይቅር ይሉ ነበር። ልጅ ነው የሚቀየም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንችስ? አባትሽ እግሩ ወጥቶ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ልትረግሚን ነው?»

በቃ፣ ያኔ ጨርሶ ነደድኩ። ገና ከለቅሶ መነሣቴ ነው፤ አቧራው ከፀጉሬ አልወረደም፤ እሳቸው ሁለተኛውን ለቅሶ ያሰሉልኛል። «እኔ እይዘዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «እግሩን እኔ ራሴ እይዘዋለሁ! አንተ አትጨነቅ!»

ዳኛውን፣ የአባቴን እኩያ፣ አንተ አልኳቸው። ሴቶቹ በአንድ አፍ «እህህ!» አሉ። አባቴ አቀረቀረ፤ በኋላ ሳየው ግን ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ዳኛው ሜትሬን ቀስ ብለው ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «እንግዲህ ሰምተናል» ብለው አባላቱን እጅ አስወጥተው ድምፅ ቆጠሩ። ግራጫዋ አሸነፈች።

ስብሰባው ከመበተኑ በፊት ጥሩንባ ነፊው ተከሰሰ። ምስኪን፣ ሙሉ መንደሩን አዳርሶ፣ ለአባቴ አልቅሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ሲመለስ አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙዝ ይበላል! ጥሩንባው ከእጁ ወደቀ። ዕድሩም ከእንግዲህ የሟች ቤተሰብ በአንደበቱ «ንፋ» ካላለው በቀር፣ ሰማይ ቢደፋ እንዳይነፋ ወሰነበት። እሱም በማርያም ማለ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ቀጠሮ አልቀረም። ወሩ ሲደርስ ፊት ወንበር ላይ ይዘረጋል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሰላም ይላል። መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው ለሾፌሩ ማርሽ ቀይር፣ ቀንስ፣ ጨምር ይለዋል። ነጯን ወደ መንጌ ወርቅ ለመግዛት የሚመላለስ ነጋዴ ገዝቷት ነበር፤ አቧራ እያለበሰችን ስታልፍ «ሂጅ፣ ሂጅ፣ እኔን አልጫንሽኝ» ይላታል። የዳኛው ምራት ምጧ ጠንቶ አሶሳ የደረሰችው በግራጫዋ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ዳኛው ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሡም፤ በማግሥቱ ግን ወንበሩን በእጃቸው ሲያጥቡ አይቻቸዋለሁ። የአባቴም እግር እብጠቱ ጎደለ። ሌላ ፍላኔል ገዝቼ ሁለቱንም አንድ ቀለም ልሰፋለት ብል እምቢ አለ፤ ይኼ ምልክቴ ሆኗል፣ ሰው በዚህ ያውቀኛል አለ። ክረምት አለፈ፣ ማንጎው ደረሰ፣ ተለቀመ፣ ሌላ ክረምት ገባ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ቀን ምንም የተለየ ነገር አልነበረበትም። ዳኛውም ዓይናቸውን ለመታየት አብረውን ነበሩ። ወረፋ ስንጠብቅ አባቴ አግዳሚው ላይ ትከሻዬን ተደግፎ ያን የሞተ በሬውን እንደገና ያወራኝ ነበር፤ ከየት እንደገዛው፣ ቀንዱ እንዴት ወደ ግራ ያጋድል እንደነበር። ዝም ሲል እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ። ክብደቱ ሲጨምር እንኳ አልጠረጠርኩም፤ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ አልተንቀሳቀስኩም። ነርሷ ወጥታ ስሙን ጠራች። ደግማ ጠራች። አቤት አላለም።

አልጮህኩም። ማን ያምናል? በውሸቱ ቀን መሬት ላይ የተንከባለልኩ ሰው፣ በእውነቱ ቀን አንድ ድምፅ አልወጣኝም። ያን ሁሉ ጩኸት ያን እሁድ ጨርሼው ኖሯል። ሐኪሞቹ ገብተው ሲወጡ፣ ዳኛው አጠገቤ ቆመው ሲያለቅሱ፣ እኔ እንደ ድንጋይ ተቀምጬ ነበር። መንደር ለመደወል ተሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ማንም ሳይሰማ ይዘነው ልንሄድ ሆነ።

በጋቢው ጠቅልለው ግራጫዋ ካሶኔ ላይ አጋደሙት። ራሱ ጋቢናውን ነካ፣ እግሩ ወጣ። ሾፌሩ ሰያፍ ሊያደርገው ሞከረ፣ አልሆነም። ዳኛው ስፖንዳውን ይዘው ቆሙ፤ ሊዘጉት አይችሉ፣ ሊተዉት አይፈልጉ። ቀና ብለው አላዩኝም። ያን እሁድ ምን እንዳልኩ ማንም አላስታወሰኝም።

ስፖንዳውን ከእጃቸው ተቀብዬ አጋደምኩትና ላዩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እግሩን ጭኔ ላይ አነሣሁት። ቡናማውና ሰማያዊው ፍላኔል፣ እንደ ለበሳቸው ነበሩ። ነጠላዬን አውልቄ አለበስኳቸው፣ ከዚያ በሁለት እጄ አቀፍኳቸው። ከባድ ነበሩ፤ እንዲህ ከባድ ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም። ዳኛው ጋቢና ግቡ ቢባሉ እምቢ ብለው ካሶኔው ላይ ወጡና ከማዶዬ ተቀመጡ። ሾፌሩን «ቀስ በል» አሉት።

በአሶሳ ገበያ ስናልፍ የበረንዳ ጎረቤቶቼ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ብድግ አሉ። ማንም እግሩን አላየም። ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ዝቅ ከፍ ስትል እግሩ ጭኔ ላይ ይነቃነቃል፤ በተነቃነቀ ቁጥር ልቤ ትዘላለች፣ የነቃ ይመስለኛል። አባቴ ግን ይበርደዋል ወይ ብሎ ጠይቆ፣ አይበርደውም ብሎ ራሱ መልሶ ነበር። እኔን ግን በእጆቼ በኩል በረደኝ።

ማንጎው ሥር ጥሩንባ ነፊው ከጎረቤታችን ከማንጎ ነጋዴው ጋር ተቀምጦ ነበር። መኪናዋን ሲያይ ተነሣ። ከኋላ መጣ። የተጋደመውን ጋቢ አየ፣ ዳኛውን አየ፣ እግሩን አቅፌ የተቀመጥኩትን እኔን አየ። ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ፈገግ አለ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትለኩ ነው?» አለኝ። «እኔ ሁለተኛ አልሸወድም።»

ዳኛው አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ቃሉ የእኔ ነው። ጎረቤታችን ግን ገብቷቸዋል፣ ቆባቸውን አውልቀዋል። ልናገር ስል ድምፄ የለም። እጄን እንዳላነሣ እግሩ ይወድቅብኛል። ጥሩንባ ነፊው ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት፤ ጥሩንባው ትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አፌን አፌን እያየ ይጠብቃል።

«ንፋ» አልኩት።